በር ላይ የሚለጠፍ እውነት፦ የኤኦስሪ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ሲገመገም

ልብ ወለድ ጸሐፊ ለአንባቢው ማኅበራዊ ኃላፊነት አለበት ወይ የሚለው ጥያቄ እኛ ዘንድ ሲነሣ ወዲያው ሁለት ጎራ ይፈጠራል። አንደኛው «ደራሲ መምህር ነው፣ ትውልድ ይቅረጽ» ይላል። ሌላኛው «ጥበብን ቀንበር አትጫኑባት» ይላል። ሁለቱም የሚከራከሩት ታሪኩ ምን መሆን እንዳለበት ነው። አንባቢው የመጀመሪያውን ገጽ ከመግለጡ በፊት ምን ሊነገረው ይገባል የሚለው ጉዳይ ግን ባለቤት አጥቶ ይቀራል። ይህን ጉዳይ በቅጽ፣ በምልክትና በማጣሪያ ለመመለስ የሞከረ አንድ አገልግሎት አለ። ስሙ አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን ነው፤ ተጠቃሚዎቹ ኤኦስሪ ይሉታል። የሚገመገመው ውስጡ ያሉት ታሪኮች ጥራት አይደለም። ደራሲው ለአንባቢው ያለበትን ግዴታ የሚያስፈጽምበት ሥርዓት ነው።

አገልግሎቱን ለማያውቁ፦ ኤኦስሪ የፋንፊክሽን ማከማቻ ነው። ፋንፊክሽን ማለት አንባቢ ወይም ተመልካች የወደደውን መጽሐፍ፣ ፊልም ወይም ተከታታይ ድራማ ገጸ ባሕርያት ወስዶ የራሱን ታሪክ የሚጽፍበት ዘርፍ ነው። ድረ ገጹ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2009 ለሕዝብ ተከፈተ። የሚያስተዳድረው ኦርጋናይዜሽን ፎር ትራንስፎርማቲቭ ዎርክስ የተባለ አሜሪካ ያለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ማስታወቂያ የለበትም፣ አያስከፍልም፤ በመዋጮና በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ይንቀሳቀሳል። ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሥራዎች አሉበት። እ.ኤ.አ. በ2019 ማከማቻው ራሱ ለሳይንስ ልብ ወለድና ለፋንታሲ ዘርፍ የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት አግኝቷል። አብዛኛውን ታሪክ ያለ አካውንት ማንበብ ይቻላል። ለመለጠፍ ግን ኢሜይል አስገብቶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ግብዣ ሲደርስ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ዋናው ነገር ያለው ደራሲው በሚሞላው ቅጽ ላይ ነው። ታሪክ ለመለጠፍ ስድስት ነገሮች ግዴታ ናቸው፦ የዕድሜ ደረጃ፣ ማስጠንቀቂያ፣ ታሪኩ የተመሠረተበት ሥራ፣ ርዕስ፣ ቋንቋና ጽሑፉ ራሱ። ከእነዚህ አንዱ ባዶ ከሆነ ቅጹ አይሄድም። በማስጠንቀቂያው ክፍል አራት ጉዳዮች ተዘርዝረዋል፦ በዝርዝር የተገለጸ ጥቃት፣ የዋና ገጸ ባሕርይ ሞት፣ አስገድዶ መድፈር፣ እንዲሁም ዕድሜያቸው 18 ያልሞላ ገጸ ባሕርያት ያሉበት ወሲባዊ ይዘት። ከአራቱ ሌላ ሁለት ተጨማሪ ምርጫዎች አሉ። አንዱ «ከእነዚህ የሚመለከተኝ የለም» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ማስጠንቀቂያ ላለመስጠት መርጫለሁ» የሚል ነው።

የሥርዓቱ ብልሃት በሙሉ ያረፈው በዚህች የመጨረሻ ምርጫ ላይ ነው። ደራሲው የታሪኩን ምስጢር በር ላይ ማውጣት ካልፈለገ ማንም አያስገድደውም። ነገር ግን ዝም ማለት አይፈቀድለትም፤ «አልናገርም» ብሎ መናገር አለበት። አንባቢውም ያንን አይቶ፣ ውስጥ ማንኛውም ነገር ሊገጥመው እንደሚችል አውቆ ይገባል ወይም ይመለሳል። እዚህ ላይ የደራሲው ነፃነትና የአንባቢው መብት አይጋጩም። ኃላፊነት ማለት ጨለማ ነገር አለመጻፍ ሳይሆን ስለ ጨለማው አለመዋሸት ነው የሚል አቋም በአንድ መስመር ቅጽ ውስጥ ገብቷል። በጉዳዩ ላይ ከተሰጡት መልሶች ሁሉ በተግባር የሚሠራው ይህ ነው።

ውጤቱን አንባቢው የሚያየው ከእያንዳንዱ ርዕስ በስተግራ ባለች አራት ክፍል ባላት ትንሽ ካሬ ላይ ነው። ከላይ በግራ በኩል የዕድሜ ደረጃው በቀለም ይታያል፤ አረንጓዴ ለሁሉም፣ ቢጫ ለታዳጊዎችና ከዚያ በላይ፣ ብርቱካናማ ለበሰሉ አንባቢዎች፣ ቀይ ግልጽ ይዘት ላለው። ደረጃ ያልተሰጠው ባዶ ነው። ከላይ በቀኝ በታሪኩ ውስጥ ያለው የፍቅር ግንኙነት ዓይነት ይታያል። ከታች በግራ ማስጠንቀቂያው አለ፤ ቀይ ቃለ አጋኖ ካለ ከአራቱ ቢያንስ አንዱ አለ ማለት ነው፣ ብርቱካናማ የጥያቄና የቃለ አጋኖ ምልክት ካለ ደራሲው ላለመናገር መርጧል፣ ባዶ ከሆነ አራቱም የሉም። ከታች በቀኝ ታሪኩ ማለቁና አለማለቁ ይታያል። ይህን ካሬ ማንበብ የለመደ ሰው አንድ ገጽ ሙሉ ርዕስ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ይለያል።

ማጣሪያው ላይ ብዙ አዲስ አንባቢ ይሳሳታል። የታሪኮቹ ዝርዝር ሲከፈት በኮምፒውተር ላይ በቀኝ በኩል፣ በስልክ ደግሞ «ፊልተርስ» የሚለው ሲነካ፣ የሚፈልጉትን ማስገቢያና የማይፈልጉትን ማስወጫ ሁለት ክፍሎች ይመጣሉ። ጥቃት ማንበብ የማይፈልግ ሰው በማስወጫው ላይ ጥቃትን ብቻ መርጦ ይሄዳል፤ ከዚያም ጥቃት የበዛበት ታሪክ ሲገጥመው ሥርዓቱ የከዳው ይመስለዋል። ያ ታሪክ የመጣው ደራሲው «ላለመስጠት መርጫለሁ» ካለባቸው ውስጥ ነው። ስለዚህ ከአራቱ አንዱን የሚያስወጣ ሰው ይህንንም አብሮ ማስወጣት አለበት። በዝርዝሩ ላይ የሌለ ነገር ለማስወጣት ከታች ባለው ባዶ ሳጥን ቃሉን መጻፍ ይጀምሩና ከሚመጡት አማራጮች መምረጥ ነው። ሌላው ድክመት ማጣሪያው አለመቀመጡ ነው፤ በየጊዜው እንደ አዲስ መሞላት አለበት። መፍትሔው አንዴ በትክክል ሞልቶ ካጣሩ በኋላ የገጹን ሙሉ አድራሻ በአሳሽዎ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ምርጫዎቹ በሙሉ በአድራሻው ውስጥ ስለሚጻፉ በሚቀጥለው ጊዜ እንዳለ ይከፈታል።

«ማስጠንቀቂያ ታሪክ ያበላሻል» የሚለው የደራሲዎች ቅሬታ እውነት አለው። ዋናው ገጸ ባሕርይ እንደሚሞት ከርዕሱ ሥር ተጽፎ ያየ ሰው በመጨረሻው ምዕራፍ አይደነግጥም። ለዚህ ኤኦስሪ የሰጠው መልስ ግን ጥሩ ነው፤ አካውንት ያለው አንባቢ በምርጫዎች ገጹ ላይ ማስጠንቀቂያዎችን መደበቅ ይችላል፣ ሲፈልግ ነክቶ ይከፍታቸዋል። ማወቅ የሚያስፈልገው ያውቃል፣ መደነቅ የሚፈልገው ይደነቃል። ምርጫው ከደራሲው ወደ አንባቢው እጅ ተላልፏል፤ መሆን ያለበትም እዚያ ነው።

ከግዴታዎቹ በኋላ ነፃ መለያዎች ወይም ታጎች አሉ። እዚህ ደራሲው የፈለገውን ይጽፋል፦ ሱስ፣ የወላጅ ሞት፣ ስደት፣ መጨረሻው ደስታ። አሥር ደራሲ አንዱን ነገር በአሥር ቃል ይጠራዋልና በጎ ፈቃደኛ መለያ አስተካካዮች ተመሳሳይ ቃላትን ከኋላ ሆነው ያያይዛሉ። በዚህ የተነሣ አንዱን ቃል ያስወጣ አንባቢ ዘጠኙንም ያስወጣል። ይህ ሥራ በማሽን ሳይሆን በሰው እጅ የሚሠራ ነው፤ ሥርዓቱ ፍለጋ ላይ ከሌሎች የልብ ወለድ መድረኮች የሚሻልበት ምክንያትም ይኸው ነው። በማኅበረሰቡ ውስጥ «የሞተች ርግብ፣ አትብሉ» የሚል መለያም ተለምዷል። ከአንድ የአሜሪካ አስቂኝ ድራማ የመጣ አባባል ሲሆን ትርጉሙ «ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ በእርግጥ ውስጡ አለ፣ ከፍተህ አይተህ አትገረም» ማለት ነው። ደራሲዎች ራሳቸው ከሕጉ በላይ እንዲህ ዓይነት ወግ መፍጠራቸው ሥርዓቱ ቅጽ መሙላት ብቻ ሆኖ እንዳልቀረ ያሳያል።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ትልቁ ጉድለት ራስን ማጥፋት ከአራቱ ግዴታዎች ውስጥ አለመኖሩ ነው። ገጸ ባሕርይው ዋና ከሆነና ከሞተ «የዋና ገጸ ባሕርይ ሞት» የሚለው ይሸፍነዋል። ሙከራ ሆኖ ከተረፈ፣ ወይም የሞተው ንዑስ ገጸ ባሕርይ ከሆነ ግን ደራሲው «የሚመለከተኝ የለም» ብሎ ቢያልፍ ደንብ አልጣሰም። ማስጠንቀቅ በፈቃዱ ነው። ልብ ወለድ በአንባቢ ላይ በሚያሳድረው ተጽዕኖ ብዙ ከተመከረባቸው ጉዳዮች አንዱ ደግሞ ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ለፊልምና ለመድረክ ባለሙያዎች ባወጣው መመሪያ ድርጊቱንም ሆነ ዘዴውን በዝርዝር አለማሳየትን፣ ችግርን ተቋቁመው የሚያልፉ ሰዎችን ማካተትን፣ እርዳታ የሚገኝበትን መንገድ ማሳየትን፣ ምክንያቱን በአንድ ነገር ብቻ አለማሳበብን፣ ከይዘቱ በፊት ማሳሰቢያ ማስቀመጥን ይመክራል። ለስክሪን የተጻፈ ቢሆንም ለገጽም ይሠራል።

ማስጠንቀቂያ የማይፈጽመው ግዴታም እንዳለ ከዚህ መመሪያ ይታያል። «ውስጡ ራስን ማጥፋት አለ» ብሎ በር ላይ መለጠፍ ዘዴውን፣ መጠኑንና ሰዓቱን እንደ ምግብ አሠራር ዘርዝሮ ለመጻፍ ፈቃድ አይሆንም። ለታሪኩ የሚያስፈልገው የገጸ ባሕርይው ሕመም፣ ዙሪያው ያሉ ሰዎች ያላዩት ምልክትና በኋላ የቀረው ባዶ ቦታ ነው። የዘዴው ዝርዝር ቢወጣ ከታሪኩ የሚጎድል ነገር የለም፤ ቢገባ ግን በዚያች ሰዓት በቋፍ ላይ ያለ አንድ አንባቢ እጅ ሊገባ ይችላል። የትኛውም ቅጽ ይህን ሊጠይቅ ስለማይችል እዚህ ያለው የደራሲው ኅሊና ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የመጠን መለኪያ አለመኖሩ ነው። መለያው «ሱስ» ካለ በአንድ ዓረፍተ ነገር የተወሳ አጎት ይሁን ወይስ ሦስት መቶ ገጽ የሚፈጅ ዋና ጉዳይ አይታወቅም። በዚህ ስቶሪግራፍ የተባለው የመጽሐፍ መመዝገቢያ ይበልጣል፤ እዚያ ማስጠንቀቂያው በሦስት ደረጃ፣ በዝርዝር፣ በመካከለኛና በጥቂቱ ተብሎ ይለያል። ግን ስቶሪግራፍ ላይ በዋናነት የሚሞሉት አንባቢዎች ናቸው፤ ደራሲው የሚያጸድቅበት መንገድ ቢኖርም ግዴታ አይደለም። ያልተነበበ መጽሐፍ ማስጠንቀቂያ አይኖረውም፤ የመጀመሪያው አንባቢ ሳያውቅ ገብቶ ለሌሎቹ ያስጠነቅቃል። ኤኦስሪ ሸክሙን ታሪኩን በሚያውቀው ሰው ትከሻ ላይ ማድረጉ ትክክል ነው።

ሦስተኛው የመለያ ብዛት ነው። አንዳንድ ደራሲ ከርዕሱ ሥር የቀልድና የጨዋታ መለያ ይደረድርና ዋናው ማስጠንቀቂያ መሐል ይጠፋል። አሁን ለአንድ ሥራ ከ75 መለያ በላይ አይፈቀድም፤ እሱም ቢሆን ብዙ ነው። ጥሩ ደራሲ ከባድ የሆኑትን መጀመሪያ ያስቀምጣል፣ የተቀረውን እስከ 1250 ፊደል በሚይዘው የማጠቃለያ ቦታ ወይም በማስታወሻው ላይ ይጽፋል።

ቁጥጥሩ በጥቆማ ላይ የተመሠረተ ነው። «የሚመለከተኝ የለም» ተብሎ ከአራቱ አንዱ ከተገኘ አንባቢው በገጹ ግርጌ ያለውን የአቤቱታ ቅጽ ይሞላል፤ የታሪኩን አድራሻ፣ የምዕራፉን ቁጥርና ያገኘውን ነገር በትክክል መጻፍ አለበት፣ ያለዚያ ጥቆማው ይጓተታል። ማከማቻው ደራሲው እንዲያስተካክል ይጠይቃል፤ እምቢ ካለ «ላለመስጠት መርጫለሁ» ወደሚለው ሊቀይረው ይችላል። ቅጣቱ ቀላል ቢመስልም ዓላማው ደራሲን መቅጣት ሳይሆን በሩ ላይ ያለውን ውሸት ማንሣት ስለሆነ ይስማማል። የዕድሜ ቁጥጥሩ ግን ደካማ ነው። ለበሰሉ የተባለ፣ ግልጽ የተባለና ደረጃ ያልተሰጠው ታሪክ ሲከፈት «የአዋቂ ይዘት ሊኖረው ይችላል፣ ልቀጥል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ አንድ ጊዜ መንካት ያሳልፋል። የ13 ዓመት ልጅ የሚያስቆመው ነገር የለም። ወላጅ በዚህ መተማመን የለበትም። ማከማቻው በአራተኛው ማስጠንቀቂያ ሥር ያለውን ይዘት ጨርሶ ባለመከልከሉም የሚነቀፍ ሲሆን ነቀፌታው ተገቢ ነው፤ መለያ መለጠፍ ውስጡ ያለውን ነገር ደግ አያደርገውም።

የኛ አንባቢ እዚህ ጋር «ይህ ሁሉ ሳንሱር አይደለም ወይ?» ቢል አይፈረድበትም። እኛ አገር ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት በመንግሥት እጅ ይመረመር ነበር፤ ቅድመ ምርመራው በሕግ የቀረው በአዋጅ ቁጥር 34/1985 ነው። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። ሳንሱር አድራጊው ደራሲም አንባቢም ያልሆነ ሦስተኛ ሰው ነው፤ ሥራውም ታሪኩ እንዳይነበብ ማድረግ ነው። ማስጠንቀቂያውን የሚጽፈው ደራሲው ራሱ ነው፤ ከታሪኩም አንዲት ቃል አይወጣም። እንዲያውም በሩ ላይ በትክክል የተናገረ ደራሲ ውስጥ የበለጠ ደፍሮ መጻፍ ይችላል።

የአማርኛ ተከታታይ ልብ ወለድ ዛሬ በብዛት የሚነበበው ቴሌግራም ላይ ነው። «ክፍል 12… ይቀጥላል» እየተባለ ይለቀቃል፤ ዕድሜ አይጠየቅም፣ ውስጡ ምን እንዳለ አይነገርም። የኤኦስሪን ቅጽ እዚያ መትከል ግን ቀላል ነው፣ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም። የሚከተለው ከእያንዳንዱ ክፍል በላይ ቢቀመጥ ይበቃል፦

ክፍል 14 (ያላለቀ)
ዕድሜ፦ ከ18 በላይ
ውስጡ፦ የቤት ውስጥ ድብደባ (በዝርዝር)፣ የልጅ ሞት (ይወሳል ብቻ)
#የቤት_ውስጥ_ጥቃት #የልጅ_ሞት

እዚህ ላይ ልብ መባል ያለባቸው ነገሮች አሉ። ማስጠንቀቂያው ከጽሑፉ ጋር በአንድ መልእክት ውስጥ መሆን አለበት። ለብቻው ከተለጠፈ፣ ሰው ታሪኩን ብቻ ለጓደኛው ሲያስተላልፍ ማስጠንቀቂያው ቻናሉ ላይ ይቀራል። አንድ መልእክት 4096 ፊደል ይይዛል፤ ከሥዕል ጋር ከሆነ ግን መደበኛው የመግለጫ ቦታ 1024 ነው። ስለዚህ ሽፋን ሥዕል የሚለጥፉ ጸሐፊዎች ቦታ ያጥራቸውና መጀመሪያ የሚቆርጡት ማስጠንቀቂያውን ነው፤ ሥዕሉን ለብቻ መልቀቅ ይሻላል። ምስጢር እንዳይወጣ የሚፈራ ደራሲ «ውስጡ» የሚለውን መስመር መርጦ ከፊደል ማስዋቢያዎቹ ውስጥ ስፖይለር የሚለውን ይንካ፤ መስመሩ ተሸፍኖ ይታያል፣ ማወቅ የፈለገ ነክቶ ያነበዋል። ያን ጊዜ ግን ሃሽታጉን ከመስመሩ ውጭ መተው ምስጢሩን መልሶ ያወጣዋልና እሱም አብሮ ይሸፈን። የሃሽታግ ቃላት በጠቅላላው ቻናል አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ አንዴ «ድብደባ» አንዴ «የቤት ውስጥ ጥቃት» ከተባለ ፈልጎ ማግኘትም ሆነ መሸሽ አይቻልም። ለዚህ የቃላቱን ዝርዝር ቻናሉ አናት ላይ በፒን ማስቀመጥ ነው።

በተከታታይ ታሪክ ላይ የሚበላሸው አንድ ነገር ይቀራል፤ ኤኦስሪ ላይም ቴሌግራም ላይም ያው ነው። ደራሲው ክፍል 1ን ሲለጥፍ ክፍል 40 ላይ ምን እንደሚሆን አያውቅም። ኤኦስሪ ላይ መለያው በኋላ ሊጨመር ይችላል፣ ግን የሚታየው በሥራው አናት ላይ ስለሆነ 39 ክፍል አንብቦ የደረሰ ሰው ተመልሶ አያየውም። ለእሱ የሚደርሰው በምዕራፉ መጀመሪያ ላይ የሚጻፈው ማስታወሻ ነው፤ ብዙ ደራሲ ግን የሚጽፈው በምዕራፉ መጨረሻ ላይ ነው፣ አንባቢው ካለፈበት በኋላ። አዲስ ከባድ ነገር የሚገባበትን ክፍል ለመለጠፍ ሲቃረቡ ባለፈው ክፍል መጨረሻ ላይ «በሚቀጥለው ክፍል ይህ አለ፣ መዝለል ለሚፈልግ ከዚህ እስከዚህ ነው፣ የሆነውም በአጭሩ ይኸው» ብሎ ሁለት መስመር ማስቀመጥ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ አንባቢውም ታሪኩን ሳይተው አብሮ ይቀጥላል።